በሦስት ክር ማጀብን የተማሩት መምህር የሺጥላ አድማሴ

መምህር የሺጥላ አድማሴ ከአባታቸው ከአቶ አድማሴ ዘሩ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ እናኑ ታደለ በጥቅምት ወር 1949 ዓ.ም. በይልማና ዴንሳ፣ አዴት አካባቢ ተወለዱ። ከስድስት ልጆች ሦስተኛው ቢሆኑም ከሁላችን ፈጥነው አፋቸውን የፈቱት እሳቸው እንደሆኑ እናታችን እስኪያርፉ ድረስ ይመሰክሩ ነበር።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በአዴት፣ የሁለተኛ ደረጃውን በፍኖተ ሰላም አጠናቀው በ1970 ዓ.ም. በመምህርነት ተመረቁ። በፈረስ ቤት ለዓመታት ካገለገሉ በኋላ በ1983 ዓ.ም. ወደ ፍኖተ ሰላም ተዛውረው፣ ጡረታ እስከወጡበት እስከ 2009 ዓ.ም. ድረስ ጂኦግራፊ አስተማሩ። በ1982 ዓ.ም. ከልብስ ሰፊዋ ከወይዘሮ ውቢት እጅጉ ጋር ሕጋዊ ጋብቻ ፈጽመው ቴዎድሮስንና ፋናን አፈሩ።

በቀብር ቀን የሟችን ጉድለት ማንሳት ልማዳችን አይደለም። ነገር ግን ይህን ታሪክ እንድጽፍ ታናሽ እህታቸውን እስከዳርን ያዘዙኝ እሳቸው ራሳቸው ሲሆኑ፣ እንዳላሽሞነሙነውም አስጠንቅቀውኛል። ስለዚህ ልናገር፤ ወንድማችን ሰው አያስጨርሱም ነበር። ክራር ሲመቱ ዘፋኙን ጥለው ይሄዳሉ። ቤት ውስጥ ወይዘሮ ውቢት የጀመሩትን ወሬ እሳቸው ይጨርሱታል፣ ያውም ተሳስተው። በ1989 ዓ.ም. ወይዘሮ ውቢት የስፌት መኪናቸውንና ሁለቱን ልጆች ይዘው ቡሬ ወንድማቸው ቤት ገቡ። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ቢላክባቸው፣ የምለውን እስከ መጨረሻው የሚሰማኝ ቀን ጥሩኝ ብለው መለሱ። ትዳሩ ያበቃለት መስሎን ነበር።

በ1990 ዓ.ም. የትምህርት ቤታቸው የፊዚክስ መምህር አቶ ቢሆነኝ፣ ሳክስፎናቸውን የሚያጅብላቸው ሰው ቢያጡ፣ ለወንድማችን ጊታር ሰጧቸው። አቶ ቢሆነኝ የሚወዱት ስዊንግ የሚባለውን የድሮ የጃዝ ስልት ነው። ወንድማችን ጊታሩን እንደ ክራር ስድስቱንም ክር ገረፉት። አቶ ቢሆነኝም ከስድስቱ ሦስቱ ብቻ እንዲሰሙ፣ የቀሩት በጣት እንዲታፈኑ፣ ኮርድ ከሚባለው አንድ የድምፅ ጥምረት ወደ ሌላው ሲዞሩ አንድ ሁለት ጣት ማንቀሳቀስ እንደሚበቃ አሳዩዋቸው። ምቱ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያለ እኩል ይሄዳል፤ ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ትንሽ ጫን ይላል፤ ሌላ ነገር የለውም። ክር ማፈኑ አልከበዳቸውም፤ የክራር ግርፍ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። የከበዳቸው ራሳቸውን ማፈን ነበር። ሳክስፎኑ ትንፋሽ በወሰደ ቁጥር ክፍተቱን ሊሞሉ ዘው ይላሉ። አቶ ቢሆነኝ፣ «አጃቢ ሲጎድል ነው የሚታወቀው፤ ካለማ ማን ልብ ይለዋል» እያሉ ከመጀመሪያው ያስጀምሯቸዋል። ስምንት ወር ፈጀባቸው።

በጥር 1991 ዓ.ም. የወይዘሮ ውቢት የወንድም ልጅ ቡሬ ላይ ስትዳር አቶ ቢሆነኝ ለጨዋታ ተጠሩ። ወንድማችን ከኋላቸው ተቀምጠው ቀኑን ሙሉ አጀቡ። ከሠርገኛው ግማሹ መኖራቸውንም አላወቀ። ወይዘሮ ውቢት ግን አይተዋል። በማግስቱ ሽማግሌ ይምጣ አሉ።

ለሽምግልና በመጡት በቄስ ወልደ ገብርኤል ፊት ወይዘሮ ውቢት ከቀትር ጀምረው የሰባት ዓመቱን ዘረዘሩት። ወንድማችን በጣታቸው ጉልበታቸውን አራት አራት እየመቱ ቃል ሳይተነፍሱ ሰሙ። እኔ አጠገባቸው ሆኜ አሁን ፈነዱ፣ አሁን ፈነዱ እያልኩ እጠብቅ ነበር። በመጨረሻ ቄሱ፣ «መምህር፣ አንቱስ የሚሉት አለ?» ቢሏቸው፣ «የዘለለችው ካለ ትጨምርልኝ» አሉ። ወይዘሮ ውቢት ሳቁ። እኛም እፎይ አልን። በዚያው ሳምንት የስፌት መኪናዋ ወደ ፍኖተ ሰላም ተመለሰች፤ በ1993 ዓ.ም. ደግሞ ማርያማዊት ተወለደች።

ወንድማችን ከአንድ ዓመት በላይ በጉበት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ የካቲት 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በተወለዱ በ61 ዓመታቸው ዐረፉ። ሕመሙ ጸንቶባቸው ነበርና፣ እያዘንን እግዚአብሔርን አመስግነናል። በዚያች ሰዓት ወይዘሮ ውቢት በማንኩሳ ገበያ አንዲት ዶሮ ለሁለት ሰው ስለሸጠች ሴት ያወሩላቸው ነበር። ወንድማችን ዓይናቸውን እንደከደኑ፣ «ከዚያስ?» አሉ። ሌላ አልተናገሩም። ወይዘሮ ውቢት ማረፋቸውን እያወቁ ወሬውን እስከ መጨረሻው ነገሯቸው።

መምህር የሺጥላ ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆችንና እኛን እህት ወንድሞቻቸውን ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን። ወይዘሮ ውቢትንም የሚያዳምጣቸው አያሳጣቸው።