የእትየ ሐዋን ቀብር ይመልሱልን

ለተከበሩ የወረዳችን የጤና መድን ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎ፣ ጉልበትዎ፣ ስብሰባ የሚውሉበት ወገብዎ ሁሉ ደህና ነው ወይ? ይህን የምጠይቀው ለወጉ ብቻ አይደለም፤ በእርስዎ ወረዳ መታመም ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ ስለምናውቅ፣ ቢያንስ እርስዎ እንዲተርፉልን ከልብ ስለምንመኝ ነው። እኔ ደምመላሽ ይስማው እባላለሁ፤ ከደሴ ወጣ ብላ ባለችው መንደራችን ክርስቲያኑም እስላሙም ተረዳድቶ የሚቀባበርበት የቅሬያችን ዳኛ ነኝ።

አንደኛው አቤቱታዬ ምስጋና ነው። ባለፈው ኮምቦልቻ ላይ፣ «መልካም አስተዳደር» የሚል ጨርቅ በተሰቀለበት አዳራሽ ሰብስበውን፣ የመድኑ ወጪ የናረው አባላት ካርድ ስላላቸው ብቻ ቶሎ ቶሎ ስለሚታመሙ መሆኑን አስረድተውናል። እስከዚያ ቀን ድረስ የምንታመመው ስለሚያመን ይመስለን ነበር። ከዚያ ወዲህ መንደርተኛው ቆጥቦ ማሳል ጀምሯል። የአዳራሹ ኪራይ፣ አበሉና ጥብሱ ከየት እንደተከፈለ ግን ሳንጠይቅ ቀረን፤ በልቶ ማማት ነውር ነው።

ሁለተኛ፣ ጤና ጣቢያችን የታዘዘልንን መድኃኒት ሁሉ «የለም» በማለት ረገድ እጅግ የቀለጠፈ ነው። ከመንገዱ ማዶ ባለው የግል መድኃኒት ቤት ግን ሁሉም አለ። ስለዚህ ለመድኑ አስቀድመን እንከፍላለን፣ ለመድኃኒቱ ደግሞ እንደገና ከኪሳችን እናወጣለን፤ ወጪው ለምን እንደሚንር ምናልባት ባለመድኃኒት ቤቱንም ቢጠይቁት መልካም ነው።

ሦስተኛው ሰው ስለሆነ በቁጥር ማስገባቱ ይከብደኛል። እትየ ሐዋ ጎመንና ካሮት ደሴ ገበያ እያወረዱ የሚኖሩ፣ የመድን መዋጮ አጓድለው የማያውቁ ጎረቤቴ ናቸው። የሐሞት ጠጠር ይዟቸው ሲያቃስቱ፣ ወደ ደሴ የሚልካቸውን የሪፈር ወረቀት የሚፈርመው ባለሙያ «ቀልጣፋ አገልግሎት» የሚባል ሥልጠና ላይ ነበር። ያለ ወረቀቱ ደግሞ መድኑ አይከፍልም ተባልን። የቅሬያችን ደንብም ለሞተ እንጂ ለታመመ አይከፍልም። ሽማግሌዎቻችን ሼህ ዘይኑልአቢዲንና መሪጌታ ጸጋው ሲመክሩ ቆይተው አንድ መላ አገኙ፤ የቀብራቸውን ድርሻ በሕይወት ሳሉ አስቀድመን እንስጣቸው አሉ። ሰጠናቸው፤ በደሴ የግል ሐኪም ቤት ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ አልሐምዱሊላህ፣ ዳኑ።

ገንዘቡን መድኑ እንዲተካልን ቃለ ጉባኤያችንን አያይዘን ብንጠይቅ፣ ጽሕፈት ቤትዎ የቀብር ገንዘብ የተከፈለላቸው በመሆኑ አባሏ በሞት መለየታቸው ተረጋግጧል፣ ካርዳቸውም ተሰርዟል ሲል መለሰልን። ሐዘኑንም በትሕትና ገልጾልናል፤ እናመሰግናለን።

እዚህ ላይ ቀልዱ ያልቅብኛል፣ ክቡር ሆይ። እትየ ሐዋ ዛሬ ቢታመሙ የሚያሳክማቸው መድን፣ ቢሞቱ የሚቀብራቸው ቅሬ የላቸውም። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «ቀብሬን በላሁት» እያሉ አንገታቸውን ይደፋሉ፤ እኔም የማደርገው ጠፍቶኝ እናደዳለሁ።

ማን ይክፈል ካሉኝ፣ የምናውቀው ቅሬን ነው። በቅሬ በሕይወት ያለው ለሞተው ይከፍላል፤ ቶሎ የሞተውን አበዛኸው ያለ የለም። መድኑም ጤነኛው ለታመመው የሚከፍልበት ነው ስላሉን አምነን ገባን። የእኛን ድርሻ ከፍለናል፤ መድኃኒቱን መንግሥት ያሟላ፣ የእትየ ሐዋን ሕክምና ደግሞ ጽሕፈት ቤትዎ ይክፈልና ቀብራቸውን ይመልስላቸው።

መሪጌታ በጸሎት፣ ሼሁ በዱዓ ዕድሜዎን እንዲያረዝሙልዎ አደራ እያልሁ፣

ለመታመም የጽሕፈት ቤትዎን ፈቃድ በትዕግሥት የሚጠባበቅ፣
ደምመላሽ ይስማው፣ የቅሬ ዳኛ
ታኅሣሥ 2008 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ሞተዋል የሚለው ውሳኔዎ የሚጸና ከሆነ፣ መርዶ ያረዳ ሰው ለቅሶ ሳይደርስ መቅረቱ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ስለዚህ የፊታችን እሑድ ድንኳን ጥለን እንጠብቅዎታለን። ንፍሮውን የሚያቀርቡልዎት እትየ ሐዋ ራሳቸው ናቸው።