የአማካዩ ጤና

ማርች 6
የሰባተኛ ክፍልን የሒሳብ ፈተና አረምኩ። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ልጅ ተራ ቁጥር አራትን የሳተው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው... ቁጥሩ እኩል ምልክቱን ሲሻገር ማይነሱን ፕላስ ማድረግ ረስተዋል። ተኮራርጀው ይሆን? ወይስ አላስተማርኩም? ሁለተኛው አይጥመኝም። ሳይሆን ግን አይቀርም።

ማርች 8
ደግሜ አስተማርኩ። ወረቀቱ ላይ ውጤት አልጻፍኩም። የሳቱበትን ቦታ ከብቤ፣ "እዚህ ጋ ምን አስበህ ነው?" ብዬ ጽፌ መለስኩላቸው። ማታ የተማሪዬ የኢስክራ እናት ደወለች።
"ቲቸር፣ ቁጥሩ የታለ?"
"አልሰጠሁም። የከበዳትን እንድናይ ብዬ..."
"ታዲያ ልቆጣት ወይስ ልሸልማት?"
እውነቷን ነው። ያለ ቁጥር ልጅ እንዴት ይቆጣሉ?

ማርች 19
ርዕሰ መምህርታችን ወይዘሮ ስታንካ አስጠሩኝ። በአይብ የተጋገረ ባኒትሳቸውን እየበሉ። ፍርፋሪው የትምህርት ቤቶች ደረጃ ሠንጠረዥ ላይ ይረግፋል። ከከተማው ሦስተኛ ነን።
"ውጤት የማይሰጥበት ፈተና ምን ይረባል?"
"ልጆቹ የት ጋ እንደጠፉ ያሳየኛል።"
"የጠፋ ልጅ አልፈልግም። ሁለተኛ መውጣት ነው የምፈልገው።"
እግዜር ይስጣቸው። ቢያንስ አይዋሹም።

ኤፕሪል 2
ኢስክራ ማለት ከስድስት ሁለት የማይለቃት ልጅ ናት። ዛሬ ሰሌዳ ላይ አወጣኋትና "እያወራሽ ሥሪ" አልኳት። አወራች... ትችላለች እኮ! ጥያቄውን አንብባ ሳትጨርስ እየቸኮለች ነው የምትስተው። "ሁለት" ይህን አንድም ቀን አልነገረንም። አፍ የለው።

ሜይ 27
አገር አቀፉ ፈተና ደረሰ። ወይዘሮ ስታንካ በር ዘጉ።
"በዚያን ቀን አንዳንድ ልጆች ቢታመሙ ክፋት የለውም።"
"ማን ነው የሚታመመው?"
"ኢስክራ ፊቷ አላማረኝም።"
ሕክምናውን መቼ ተማሩት? የትምህርት ቤቱ የውጤት አማካይ ጤና እንዲሆን ልጅ ይታመማል። ለእናትየውም ደውለው እሺ አሰኝተዋታል፣ "ከምትዋረድ ትቅር" ብላለች አሉ። ያልተፈተነች ልጅን ደህና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንደማይቀበላት ማን ያንሳ?

ሜይ 28
እነኢስክራ ቤት ሄድኩ። እናትየው በሩን ገርበብ አድርጋ፣
"ቲቸር፣ ሁለት ነው የምታመጣው። የወለድኳትን አላውቃትም?"
የማርቹን ፈተናና ትናንት ክፍል የሠራችውን ወረቀት ሰጠኋት። ጎን ለጎን ይዛ ቆየች።
"ይሄን ራሷ ናት የሠራችው?"
ኢስክራ ከውስጥ፣ "ታዲያ ማን ይሠራልኛል!"
እናትየው በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው፣ "በቃ፣ እንዳትታመም እነግራታለሁ።"

ጁን 17
ፈተናው ተሰጠ። ማንም አልታመመም። ወይዘሮ ስታንካን ብቻ ራሳቸውን አሟቸዋል።

ጁን 30
ውጤት ወጣ። አምስተኛ ነን። ኢስክራ ከመቶው አርባ አራት አመጣች። ጎበዝ አያስብላትም፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግን ያስገባታል። እኔ ደግሞ ከሴፕቴምበር ጀምሮ ክፍል የለኝም፣ ቤተ መጻሕፍቱን እረከባለሁ። ወይዘሮ ስታንካ ሹመት ነው አሉኝ። ይህን እየነገሩኝ ሳለ ኢስክራ በሩ ላይ ቆመች።
"ቲቸር፣ ዘጠነኛውን ጥያቄ ለምን እንደሳትኩ ያሳዩኝ።"
ወይዘሮ ስታንካ ሳቁ። "አንቺ ልጅ፣ ፈተናው እኮ አልቋል!"
"ለእርስዎ ነው ያለቀው።"
የሚያስቆጣ ድፍረት ነበር... መቆጣት ነበረብኝ። ወንበር ሳብኩላት።