ኤቬሊዮ ብረቱን አላወርድም ያለ ዕለት

ልጄ ኒዲያ፣ የአገራችን ጠባቂ የካኩፔዋ ድንግል ማርያም ባለሽበት ትጠብቅሽ፤ የማድሪድ ብርድ አይንካሽ። እኛ ደህና ነን፤ ወንድምሽ ግን አቃጠለኝ!

የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ወጣቶች በሚወዳደሩበት የክብደት ማንሳት ላይ ኤቬሊዮ ማንም ያልቻለውን ብረት ከመሬት ብድግ አደረገው። ዳኛው «አውርድ!» ሲለው «ኒዲያ ሳታየኝ አላወርድም!» ብሎ ድርቅ አለ። «በስልክ አይሃለሁ» ያልሽው አንቺ! እኔ ደጋግሜ እደውላለሁ፣ አታነሺም። አሰልጣኙ «ኧረ አንተ ልጅ፣ አውርደው!» እያለ ይጮኻል። ክንዱ ሲዝል ብረቱ ከእጁ አመለጠና ዳኞቹ «በእጁ ይዞ ማውረድ ነበረበት» ብለው ሰረዙበት፤ ወርቁም ቀረ። እሱ ምን ገዶት! ላቡን እየጠረገ «እማ፣ አየችኝ?» አለኝ።

«አየችህ» አልኩት፤ ምን ልበል?

እግዜር ሥራሽን ይባርክልሽ፣ የልብሽን ይሙላልሽ። ለሚቀጥለው ውድድር ግን ራስሽ ነይ፤ እናትሽን ውሸት አታስለምጃት።