የፈልሳፊው ሙሉ ስም

ጁን 3

ጠዋት የባሕሩ ውሃ ሲሸሽ ወጣን፣ እኔና ብሬት። አራት ረድፍ ቅርጫት ገለበጥን። ኦይስተሮቹ፣ ለምግብ የምናረባቸው ባለ ዛጎሎቹ፣ ደህና ናቸው፣ ትንሽ ከስተዋል… ክረምቱ ነው። ከሰዓት በኋላ ሼድ ውስጥ ትልቁን ከትንሹ ስንለይ ዋልን። እጄ እስካሁን አልሞቀም።

ከአደሌድ ወፍራም ፖስታ መጥቷል። የጠበቃዋ ነው፣ የሊን ትራን። አሥራ አንድ ገጽ ፎርም። ብሬት አገላብጦ አየውና ወደኔ ገፋው። ወንድሜ የጀልባ ሞተር ፈትቶ ይገጥማል፣ ፎርም ሲያይ ግን ያዛጋል። “አንቺ ነሽ የተማርሽው” አለኝ። የተማርኩት የፀጉር ሥራ ነው።

እራት የትናንቱ ሾርባ።

ጁን 4

ፎርሙን ጀመርኩት። ነገሩ የአባዬ መቆለፊያ ነው፣ ቅርጫቶቹን የምንዘጋበት። የድሮው ሁለት እጅ ይፈልግ ነበር፣ አንዳንዴም ጥርስ። ይሄኛው በአውራ ጣት ጫን ሲሉት ይከፈታል፣ ሲለቁት ይዘጋል። በጓንትም፣ በደነዘዘ እጅም። ያለፈው ኦገስት ብሬት ወደ አርቢዎቹ ስብሰባ ይዞት ሄደና ሰው ሁሉ ከእጁ ሲቀማው ዋለ። “የመርቪን መቆለፊያ” ተባለ። አሁን አንድ ፋብሪካ ሊያመርተው ይፈልጋል፣ መጀመሪያ ግን ለፈጠራው መብት አመልክቱ ብሏል። ሰው ካየው ቀን ጀምሮ ያለን አሥራ ሁለት ወር ነው። ኦገስት 21 ካለፈ አበቃ… ማንም ይሠራዋል።

የመጀመሪያው ጥያቄ፣ የፈልሳፊው ሙሉ ስም። መርቪን አልፍሬድ ኖስኬ ብዬ ጻፍኩ። በትልልቁ። ኮራሁ እንኳ።

ገጽ ሦስት ላይ ቆምኩ። “ይህን ነገር በመጀመሪያ ያሰብኩት እኔ መሆኔን በመሐላ አረጋግጣለሁ።” ከሥሩ ፊርማ። የፈልሳፊው የራሱ እጅ።

አባዬ አረጋውያን ቤት ከገባ አራት ወሩ ነው። ስሙን ይጽፋል ወይ? ባለፈው ሳምንት ማንኪያው በየት በኩል እንደሚያዝ ጠፍቶት ነበር።

ጁን 5

ሊን ትራን ጋ ደወልኩ። ረጋ ያለች ሴት ናት። እጁ ቢንቀጠቀጥ ግድ የለም አለችኝ፣ የሚፈርመውን ማወቁ ነው ዋናው። ካላወቀ ሌላ ወረቀት አለ። ደግሞ ታሪኩን ትፈልጋለች። መቼ አሰበው? እንዴት? የሣለው፣ የጻፈው፣ ቀን ያለበት ነገር አለ?

አባዬ በሕይወቱ ምንም ጽፎ አያውቅም። የእንኳን ደስ ያለህ ካርድ እንኳ እማዬ ነበረች የምትጽፍለት።

ጁን 8

ሴዱና፣ አረጋውያኑ ቤት ሄድኩ። አባዬ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል። “እህቴ፣ ሻይ ይመጣል?” አለኝ። ነርሷ መስዬው ነው። አላረምኩትም።

መቆለፊያውን ከቦርሳዬ አውጥቼ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩ። አውራ ጣቱ ወዲያው አወቀው። ቀጭ… ቀጭ… ቀጭ። ማን ነው የሠራው ብዬ ጠየቅኩት። አገላብጦ አየው። “ጎበዝ ሰው ነው” አለ።

ሳቅኩ። መኪናዬ ውስጥ ስገባ ግን ቁልፉን ማዞር አቃተኝ።

ጁን 9

ነፋስ። ማንም ወደ ውሃ አልወጣም።

ጁን 15

ጠዋት ጠዋት ይሻለዋል ብላኝ ነበር ነርሷ። እውነቷን ነው። በር ላይ ሳለሁ “ጃኔል” ብሎ በስሜ ጠራኝ። ከገና ወዲህ የመጀመሪያው። እንዳያመልጠኝ ቶሎ ቶሎ ማውራት ጀመርኩ። ወረቀቱን ጭኑ ላይ ዘርግቼ እስክሪብቶ አስያዝኩት። ምንድነው አለ። የመቆለፊያህ ወረቀት ነው፣ ያሰብኩት እኔ ነኝ ብለህ ትፈርማለህ አልኩት።

“እኔ?” እስክሪብቶውን መለሰልኝ። “የዳልሲ ነው።”

“አዎ አባዬ፣ ለእማዬ ሠራህላት።”

“አይደለም፣ ስሚኝ። ያሰበችው እሷ ናት። እኔ ያለችኝን ቆረጥኩ እንጂ።”

ይሄን ያህል ጥርት አድርጎ ሲናገር ከሰማሁት ስንት ጊዜ ሆነኝ? አንተስ ምንም አልጨመርክም አልኩት። ምንም አለ። ደስ እያለው ነው ያለው… ከዚያ ወደ በሩ አየ።

“የት ሄዳ ነው ግን? ውሃው ሊሸሽ ነው።”

እማዬ ከሞተች አሥራ አራት ወር። ቀብሯ ላይ እጄን ይዞ ቆሞ ነበር። ምን ልበለው? ሼድ ውስጥ ናት አልኩት። “እንግዲያው ሄጄ ላግዛት” ብሎ ለመነሳት ታገለ። ነርሷና እኔ ይዘን አስቀመጥነው።

ወረቀቱን ሳይፈረም ይዤ ተመለስኩ።

ጁን 16

ለብሬት ነገርኩት። ቅርጫት እያጠበ ነበር፣ ቀና እንኳ አላለም። “እኔን ባለፈው የባንክ ሰው ነህ ብሎኛል። ታዲያ ክራባት ልሰር?” አለ። ፋብሪካው የሚያውቀው መርቪንን ነው፣ አገሩ ሁሉ የሚያውቀው መርቪንን ነው፣ ዶክተሩ አይችልም ብሎ ይጻፍልን፣ አንቺ ፈርሚና እንገላገል… እንዲህ እንዲህ አለ። እማዬ ራሷ አንድ ቀን እኔ ነኝ ብላ ታውቃለች ወይ አለኝ።

አታውቅም። እሱ ልክ ነው።

ግን አባዬ ውሸት ለማሰብ የሚበቃ አእምሮ ቀርቶታል ወይ?

ጁን 18

ሊን ትራንን ጠየቅኳት። የቆረጠ፣ የሠራ፣ የሞከረ ሰው ፈልሳፊ አይባልም አለች፣ ያሰበው ነው የሚባለው። አውቆ ሌላ ስም ማስገባት ሁሉንም ነገር ሊያፈርሰው ይችላል። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ “ደግሞ ጃኔል፣ የምትምይው አንቺ ነሽ” አለችኝ።

የሞተ ሰው ፈልሳፊ ይሆናል ወይ አልኳት። ይሆናል። የኑዛዜው አስፈጻሚ ይፈርምላታል። የሞት ምስክር ወረቀት፣ ኑዛዜው፣ ያየ ሰው ቃል፣ እሷ ራሷ የጻፈችው ነገር ካለ። የአባዬ ቃል ብቻውን አይበቃም፣ የአእምሮው ነገር በሐኪም መዝገብ ላይ አለ።

ሁለት ወር ቀርቶናል።

ጁን 22

ፓውሊን ቤት ሄድኩ። ሃያ ዓመት ሙሉ ከእማዬ ጎን ቆማ ኦይስተር የለየች ሴት ናት። ገና ሳልጨርስላት “ታዲያ ማን መስሏችሁ ነበር?” አለችኝ።

የመጀመሪያውን እማዬ ከልብስ መቆንጠጫና ከተሰበረ ባልዲ ነው የሠራችው። ሁለት ሳምንት፣ በምሳ ሰዓት፣ ምግቧ እየቀዘቀዘ። ከዚያ ለአባዬ ሰጠችው። እዚህ ጋ አጥብበው፣ እዚህ ጋ ጠምዝዘው እያለች ከላዩ ቆማ ነው ያስቆረጠችው። እኛ የት ነበርን? ጀልባው ላይ አለች ፓውሊን። እናንተ ሁልጊዜ ጀልባው ላይ ነበራችሁ።

ለምን በአንድ እጅ እንዲከፈት ፈለገች ብዬ ጠየቅኩ። ሻዩን ቀዳችልኝ።

“ቀኝ እጇ አይሠራም ነበር እኮ። ቁርጥማቱ ጨርሶት ነበር። ጠዋት ጠዋት እኔ ነበርኩ ጓንቷን የማጠልቅላት።”

“ለምን አልነገረችንም?”

“ብትነግራችሁ ከሼድ ታስወጧት ነበር።”

አዎ… እናስወጣት ነበር። ለራስሽ ብለን ነው እያልን።

ያንን ክረምት አስታውሳለሁ። እማዬ ዛሬ ምን ነካሽ፣ ኦይስተሩን የሚጭነው መኪና እየጠበቀ ነው እላት ነበር። “እርጅና” ትለኝና ትስቃለች።

ጁን 23

ዛሬ ሥራ አልሄድኩም።

ጁን 29

አገኘሁት። የእማዬ ጽሑፍ ነው። ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ፣ ከምግብ አሠራር ቁርጥራጮች ሥር፣ የውሃ ሰዓት ደብተሮቿ። ባሕሩ በየቀኑ መቼ እንደሚሞላና መቼ እንደሚጎድል የታተመባቸው፣ በየዓመቱ አንድ። ሁሌ ኪሷ ውስጥ ይኖር ነበር፣ ግን ከፍቼው አላውቅም። ለምን ልክፈተው? ሰዓቱን እሷ ትነግረን ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት የነበረው ደብተር። ከእያንዳንዱ ቀን አጠገብ፣ በዚያ በደቃቃ ጽሑፏ። ፊደሎቹ ተንጋደዋል። በግራ እጇ መሆኑን አሁን ነው የገባኝ።

ሜይ 11። ቀኝ እጄ ዛሬም እምቢ። ግራው ብቻውን ይችል ይሆን?

ከሥሩ የአውራ ጣት ሥዕል፣ ጣቱ የሚጫነው ምላስ የመሰለ ነገር።

ሜይ 19። ሁለት መቆንጠጫ ሰበርኩ።

ሜይ 26። ተከፈተ፣ አልዘጋ አለ። ምላሱ ይጠር።

ጁን 2። ተከፈተ። ተዘጋ። መቶ ጊዜ ሞከርኩት። መርቪን ለምን እንደፈለግኩት አልጠየቀኝም። ዝም ብሎ ቆረጠልኝ።

ጁን 4። ጃኔል ዛሬ ተቆጣች። ልክ ናት፣ አዘግይቻቸዋለሁ።

ልክ ናት።

ጁን 30

ደብተሩን ለብሬት ሰጠሁት። ይዞት ወደ ጀልባው መውረጃ ሄደ። ረጅም ጊዜ ቆየ። ሲመለስ ደብተሩን ከዝናቡ ለመከለል ሸሚዙ ውስጥ ከቶታል። ፎርሙን ከጠረጴዛ ላይ አነሳና የመጀመሪያውን ገጽ ለሁለት ቀደደው። “ሌላ ገጽ ይላኩልን” አለ።

ጁላይ 6

ኑዛዜው ላይ የእማዬ አስፈጻሚ አባዬ ነው። እሱ ካልቻለ እኔ። ካልቻለ የሚለውን ደግሞ በወረቀት ማሳየት አለብን። ወረቀት ሌላ ወረቀት ይወልዳል። ብሬት የሞት ምስክር ወረቀቱን እኔ አስልካለሁ፣ በቀጥታ ለጠበቃዋ ይሂድ አለ። ፎርም ሊሞላ ብሬት! ፓውሊን ቃሏን ጽፋ ምስክር ፊት ፈረመች። ለፊርማው ፀጉሯን አስተካክዬላት ነበር።

ጁላይ 14

ዶክተሩ አባዬን መረመረው። ከጎኑ ተቀመጥኩ።

ዓመቱ ስንት ነው? አባዬ ወደኔ ዞረ፣ እንድነግረው። ከመቶ ሰባት ቀንሱ። “ለምን? ምን አደረገ?” አለ። ዶክተሩም ሳቀ። ሰዓት ይሣሉልኝ ሲባል ክቡን ሣለው፣ ቆንጆ ክብ፣ ከዚያ እስክሪብቶውን አንስቶ ቀረ። ቁጥሮቹን ጠበቅናቸው። አልመጡም።

“የሚፈርመውን ወረቀት ትርጉም መረዳት አይችልም” ብሎ ጻፈ ዶክተሩ። መኪና ውስጥ ደጋግሜ አነበብኩት። እውነቱን የነገረን አባዬ ነው። ሁላችንም ደህና አእምሮ ይዘን ያላወቅነውን፣ እሱ አእምሮው እያለቀ ነገረን። የሷ ስም እንዲገባ ግን የሱ ቃል እንደማይቆጠር እኔ ማስረዳት ነበረብኝ። አስረዳሁ።

አባዬ ሲሰናበተኝ እጄን ጨብጦ ስለመጡ አመሰግናለሁ አለኝ።

ኦገስት 7

ትራን ያላትን ሁሉ አይታ በቂ ነው አለች። የደብተሩን ገጾች አንድ በአንድ ኮፒ አድርጋለች። “እናትሽ ጥሩ መዝጋቢ ነበሩ” አለችኝ። አዎ አልኳት።

ኦገስት 12

ፈረምኩ። “ስለ ሟች ዳልሲ ሜይ ኖስኬ።” ብሬት ምስክሩን ሰውዬ በመኪና አምጥቶ ነበር። ሰውዬው “የአባታችሁ መቆለፊያ ነው አይደል?” ሲል ብሬት “የእናታችን” አለ፣ ወደ ወለሉ እያየ።

ኦገስት 19

ማመልከቻው ገባ። ሁለት ቀን ሲቀረው። ቁጥርም ተሰጠው።

ኦገስት 24

አባዬ ሦስተኛ ቀኑ ነው ቃል ካልተነፈሰ። ወንበሩ ላይ ሳይሆን አልጋው ላይ ነው። ወረቀቱን አነበብኩለት። ፈልሳፊ፣ ዳልሲ ሜይ ኖስኬ። ሦስት ጊዜ። ጣሪያውን ያያል። ፊቱን አበስኩለት፣ ከንፈሩን አረጠብኩለት። አራተኛ ጊዜ አላነበብኩም።

ሴፕቴምበር 2

ዛሬ ሰነዶቹ ከአደሌድ ተመለሱ። በአንድ ፖስታ ሁሉም። አንድ በአንድ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው። የማመልከቻው ደረሰኝ፣ ኑዛዜው፣ የፓውሊን ቃል፣ ደብተሩ።

የሞት ምስክር ወረቀቱን ከቀብሩ ወዲህ አይቼው አላውቅም። ስም። የተወለደችበት። ያገባችበት ዓመት። ሥራ የሚለው ላይ ደረስኩ።

የቤት እመቤት።

ሠላሳ ስምንት ዓመት ሼድ ውስጥ ቆማ። ማን ነው እንዲህ ያለው? ከሥር ተጽፏል፣ መረጃውን የሰጠው ሰው፦ ጃኔል ኖስኬ፣ ልጅ። ቀብር አስፈጻሚው ሲጠይቀኝ ሳላስብ ነው የመለስኩት። የሠራችው ሁሉ በአባዬ ስም ነበር፣ ጀልባውም፣ ፈቃዱም…

መዝገብ ቤት ደወልኩ። ለማረም ፎርም አለው አለች ስልኩን ያነሳችው ልጅ፣ በስልክም መጀመር ይቻላል። አሁን ያለው ምን ይላል? ነገርኳት። ወደ ምን ይታረም? ኦይስተር አርቢ አልኳት። ትንሽ ቆይቼ፣ ፈልሳፊም ጨምሪበት። ስትጽፍ የኮምፒውተሩ ድምፅ ይሰማኛል።

“የስህተቱ ምክንያት?” አለችኝ።

ደብተሩን ወደኔ ሳብኩት። የእጅ ጽሑፍ ስህተት ልበል ወይ አለችኝ፣ ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚለው።

አይ አልኳት። ልጇ አታውቃትም ነበር ብለሽ ጻፊ።