የቤተሰብ ብዛት የቀነሰበት ምክንያት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ደብረ ታቦር

አባባ ዛሬ ከዱቄት ፋብሪካው ያንን የሕክምና ቅጽ ይዘው መጡ። በየዓመቱ ኅዳር ላይ ሠራተኛው ከሁለት አንዱን ይመርጣል፤ ወይ የጤና መድን፣ ወይ በራሱ ስም የሚጠራቀም የሕክምና ቁጠባ። አምና የፋብሪካው ጸሐፊ «ልጆችዎ እንደ ብረት ናቸው፤ ምን ይሆናሉ ብለው ነው? ቁጠባው ይሻልዎታል» አላቸው። አመኑት። ሐምሌ ላይ እህቴ ትዕግሥት ስትታመም የተጠራቀመው ከምርመራ አላለፈም። ብድር ስንለምን ሰነበትን፤ እሷ ግን አልጠበቀችንም።

አባባ ማንበብ ስለማይችሉ ቅጹን የምሞላው እኔ ነኝ። «መድን በል» አሉኝ። ከታች «የቤተሰብ ብዛት ከቀነሰ ምክንያቱ ይገለጽ» ይላል። ደሜ ፈላ። «ጸሐፊው ቁጠባ ይሻላል ስላለን» ብዬ ጻፍሁበት።

«ምን ብለህ ጻፍህ?» አሉኝ አባባ።

«በሕመም።»

«ደግ» ብለው አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው አተሙ።

አሁን ነው ትዝ ያለኝ። ያ ጸሐፊ በጣት የተፈረመ ቅጽ ሲቀበል ለፈራሚው ጮክ ብሎ ያነብለታል። እንዲያፍር የፈለግሁት እሱ ነበር፤ ነገ ጠዋት ቆመው የሚሰሙት ግን አባባ ናቸው።

ቅጹ ኮታቸው ኪስ ውስጥ ነው። ላወጣው ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ሁለቴም ተመልሼ ተቀመጥሁ። ግን እኮ ውሸት አልጻፍሁም።