ለቀብር የቆመች ሯጭ

እሑድ፣ ኅዳር 8

ታደለች ሦስተኛ ወጣች። ወደ አዋሳ የሚሄደው የተራራ ሩጫ ቡድን የሚይዘው ሁለት ሴቶች ነው።

ሳልረሳው ልጻፍ። መስመሩ ከሶዶ ዳር ተነስቶ ዳሞታ አናት ላይ ያበቃል፤ ሽቅብ ብቻ ነው። እንሰቱ አልቆ ገብሱ በሚጀምርበት ጠባብ ቦታ ቆሜ ስጠብቅ ታደለች ብቻዋን ብቅ አለች። ከኋላዋ ማንም አይታይም። ትንፋሿ ደህና፣ እርምጃዋ አጭር፣ እንዳስለመድኳት። ወዲያው ከላይ ቀብር መጣ። የሟቿ ልጅ አቶ ዳና የላይኛው ሰፈር ገበሬ ነው፤ ከሩቅ አውቀዋለሁ። ቃሬዛው በሰው ትከሻ፣ ከኋላው ለቀስተኛ መንገዱን ሞልቶ።

ታደለች ቆመች። ወደ ዳር ወጣችና እጇን አጣምራ አንገቷን ደፋች። ሂጂ አላልኳትም። እዚህ አገር ቀብር ሲያልፍ የሚሮጥ ሰው አይቼ አላውቅም።

ዛሬ አየሁ። ከጉኑኖ የመጣችው ልጅ ደረሰች፤ ትንሽ አመነታችና በገብሱ ውስጥ ዞራ አለፈች። ቀጥላ የመጣችውም እሷን ተከተለች። ታደለች የመጨረሻው ለቀስተኛ እስኪያልፍ ቆየች። ከዚያ በኋላ የሮጠችውን ሩጫ እስከ ዛሬ ሳሠለጥናት አይቼ አላውቅም። ሁለተኛዋን ልትደርስባት ትንሽ ሲቀራት መንገዱ አለቀ።

አላለቀሰችም። “ጋሼ፣ ጫማዬ ውስጥ ጠጠር ገብቷል” ብቻ አለች።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ቡድኑን የሚመርጠው ኮሚቴ ጸሐፊ አቶ ተክሉ ዘንድ ሄድኩ። በትሕትና ተቀበለኝ። ገና አፌን ሳልከፍት ትናንት አናት ላይ ዘግይቶ ስለ መድረሱ ይቅርታ ጠየቀ። “ታች መኪና መንገዱ ላይ ቀብር አገኘን። ሾፌሩ ሞተር አጥፍቶ ወረድንና አሳለፍን። ምን ይደረግ?”

ያው ቀብር መሆኑን ነገርኩት። ልጅቷም ላይ ስትወጣ እሱን አግኝታ መቆሟን ነገርኩት።

 እስክሪብቶውን ከፈተ፣ ዘጋ። “እሱ ሌላ ነው” አለ በመጨረሻ። “እኛ ተወዳዳሪ አይደለንም። ወንድሜ፣ ሰዓት ለቅሶ አያውቅም።”

ሰላምታ ሰጥቼ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ግን ቁጣዬ መጣ።  ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው ሐዘን ማክበር ጨዋነት ይሆናል፤ በእግሯ ለምትደክም ልጅ ግን ጥፋት።

ዜና በምልክለት ጋዜጣ ላይ ብጽፈው ይወጣል፤ አዘጋጁ አይከለክለኝም። ግን የራሴን ሯጭ ጉዳይ ራሴ ዜና አላደርገውም። ስለዚህ እዚህ እጽፋለሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ልምምድ። ረጅሙን መስመር፣ በጉኑኖ መንገድ ዞረን ከጀርባ በኩል ወደ ዳሞታ። በዚህ በኩል ዳገቱ ያታልላል፤ አለቀ ሲሉት ሌላ ይጀምራል። እኔ ግማሽ ድረስ ብቻ ነው የምችለው።

እዚያ ግማሹ ላይ፣ ወደ አቶ ዳና ቤት ሄጄ ምስክርነት እንደምጠይቅ ነገርኳት። በልምምድ ዳገት ላይ ቆማ የማታውቅ ልጅ ቆመች።

“አፈሩ ሳይደርቅ? ለእኔ ሩጫ?”

“ያየው እሱ ነው።”

“እንዲያይልኝ ብዬ አይደለም የቆምኩት። እርስዎ እዚያ ቤት ከሄዱ እኔ ሩጫውን እተዋለሁ፣ ጋሼ።”

ትታኝ ሽቅብ ሄደች። ተናድጃለሁ፤ በእሷም፣ ትክክል በመሆኗም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

የማንም ቤት አልሄድኩም። ወሬው ግን ቀድሞኝ ሄደ። ሸምሱ ሱቅ ለስልክ ገባሁ። ሸምሱ ስልጤ ነው፤ በሰፈራችን ስልክ ያለው እሱ ብቻ ነው። ሁልጊዜ “ማን አሳዷችሁ ነው ሽቅብ የምትሮጡት?” ይለናል። ዛሬ አልቀለደም። የአቶ ዳና ወንድም ለለቅሶ ቤት ስኳር ሊገዛ መጥቶ፣ ያቺ የቆመችው ልጅ ማን እንደሆነች ጠየቀው። ሸምሱም ሁሉንም ነገረው።

“ታደለች መከልከሏን ትናንት ነግሬህ የለ? ማን ንገር አለህ?” አልኩት።

“የከለከለችው እርስዎን ነው፤ እኔን መች ከለከለችኝ?”

ታደለች ወሬውን ሰምታ፣ በሸምሱ በኩል እኔ የላክሁት መስሏት ማታ አላናገረችኝም። እናቷ በር ላይ “ደክሟት ነው” አሉኝ። አልደከማትም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

የአቶ ዳና ወንድም ሳይጠራ ኮሚቴው ዘንድ ሄዷል። ተመልሶ እሱ ራሱ ነገረኝ። “እናታችንን ቆማ የሸኘች ልጅ በዚህ ምክንያት ከቀረች፣ ነገ ማን ይቆምልናል?” አላቸው። ሰብሳቢው፣ ዘንድሮ ስለ ሁሉም ነገር እንደሚለው፣ ጉዳዩ በግምገማ ይታያል ብሎታል። ስለ ዝናብ ቢጠይቁትም ግምገማ የሚል ይመስለኛል።

“አቶ ተክሉስ ምን አለ?” አልኩት።

“እሱማ መስኮቱን ያይ ነበር።”

ሄጄ ለታደለች ነገርኳት። “እርስዎ አልላኩትም?” አለች። አልላክሁትም አልኳት። “እንግዲያው ነገ እንሮጣለን” አለች።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

የጉኑኖዋ ልጅ ሸምሱ ሱቅ ደወለች። ለታደለች ስልክ ሲመጣ የመጀመሪያው ነው፤ በሩጫ መጣች። ቆሜ ሰማሁ፤ ልጅቷ ጮክ ብላ ነው የምታወራው።

“በገብሱ ያለፍኩት እኔ ነኝ። እናቴ ሰምታ ከትናንት ጀምሮ አታናግረኝም። ድገሙ ካሉ እመጣለሁ፤ ይህንንም ለኮሚቴው ነግሬያለሁ።”

“ብቀድምሽስ?” አለች ታደለች።

“ኧረ አትችይም” አለች ያቺኛዋ። ሁለቱም ሳቁ። ሸምሱ ስልኩን ካልተቀበልኩ ብሎ ወዲያ ወዲህ ይላል።

ኮሚቴው ነገ ጠዋት ይቀመጣል። ወይ ውጤቱ ይጸናል፣ ወይ ሩጫው እሑድ በዚያው መስመር ይደገማል። አንዱን ለመገመት ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። ስለዚህ፣ ከተደገመ እግሯ እንዳይደክም፣ ዛሬ ሽቅብ አላስሮጥኳትም። በሜዳው ቀስ ብላ ትንሽ ሮጣ ወደ ቤቷ እንድትገባ አደረግኩ። ነገ ከምሳ በፊት እናውቃለን።