ትኩሳት ሲበርድ እጅ መያዝን ላስተማርሽኝ

ማርታዬ፣ የልቤ ሰው፣

ያለ አንቺ ሁለተኛው ጊፋታ አለፈ። የዘመን መለወጫውን በዓል እህትሽ ከቦምቤ መጥታ አብራኝ ዋለች። የተከልሽው እንሰት ከቤቱ ክዳን ሊደርስ ነው፤ ቅጠሉ በነፋስ ሲንሿሿ ከጓሮ የገባሽ ይመስለኝና ቀና እላለሁ። ሐኪም ቤታችንም ቆርቆሮ ለብሷል። ዝናብ ሲጥል በሽተኛው የሚለው አይሰማኝም፤ ጆሮዬን አፉ ላይ እደቅናለሁ።

መጀመሪያ የተያየንበት ቀን ትዝ ይልሻል? እናትሽን በቃሬዛ አሸክመሽ መጣሽ። እኔ የሰሜን ሰው ልጅ፣ ለሐኪሙ ረዳት ሆኜ የመጣሁ፣ ያኔ ወላይትኛ አልሰማም። «የት እንደሚያማት ጠይቂልኝ» አልኩሽ። አንድ ቃል ስጠብቅ የእናንተ ጨዋታ አላልቅ አለ። ተቆጣሁ። «ጎኗን ነው የሚያማት» አልሽኝ፤ «ልጆቼ እንዳይሰጉ ብላ ግን እህል ከቀመሰች መሰንበቷን ደብቃናለች።» ሐኪሙ ይህን ሲሰማ አስተርጓሚ አድርጎ አስቀረሽ። እኔም ደስ አለኝ፤ ለምን እንደሆነ ግን ለማንም አልተናገርኩም።

ከዚያ ወዲያ እኔ ሙቀት ስለካ አንቺ እጅ ትይዣለሽ፣ እግር ትዳብሻለሽ፣ የበሽተኛውን አተነፋፈስ ታያለሽ። «ትኩሳቱ ወርዷል!» ብዬ ስደሰት «እሱስ? ሰውዬው እንዴት ነው?» ትይኛለሽ። በዚሁ ነገር እስከ ቤታችን ድረስ እየተከራከርን ስንሄድ ጎረቤት ይስቅብን ነበር። ያ መንገድ ዛሬ ረዝሞብኛል።

ባለፈው ሰሞን ከሁምቦ አንድ ገበሬ በትኩሳት እየተንቀጠቀጠ መጣ። ሐኪሙ ገጠር ወርዶ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ላብ አጠመቀውና ትኩሳቱ ለቀቀው። ወንድሙ «ተመስገን፣ ድኗል፤ ልውሰደው» ብሎ ሊያስነሣው ክንዱን ያዘ። እኔም «ይሂድ» ልል ነበር። ከዚያ እጁን ያዝኩ። ይቀዘቅዛል። የደም ሥሩ እንደ ክር ቀጥኖ ይሮጣል። ስጠራውም ቆይቶ ነው የሚመልስልኝ።

«አይነሣም» አልኩ።

«ትኩሳቱ ለቀቀው አላልክም እንዴ?» አለኝ ወንድሙ በቁጣ።

በዚያ በተሰባበረ ወላይትኛዬ «ለቆታል፤ ጉልበቱን ግን ይዞበት ሄዷል። አሁን ካቆምነው ይወድቅብናል» አልኩት። አንቺ ብትሰሚኝ በሳቅ ትሞቺ ነበር። እሱ ግን ዐይን ዐይኔን አየኝና ተቀመጠ።

እግሩን ከፍ አድርገን፣ በጋቢ ጠቅልለን፣ ለብ ያለ ውኃ በማር እየበጠበጥን በማንኪያ ስንሰጠው ዋልን። ብቻን መወሰን እንዴት እንደሚያስፈራ ያን ቀን ገባኝ፤ ለካ ሁልጊዜ ዞር ብዬ ያንቺን ፊት ማየት ለምጄ ኖሯል። ደግሞም ዞር አልኩ። ግድግዳው ብቻ ነበር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እጁ ሞቀ። «ራበኝ» አለ። ወንድሙ ሳቀ፤ እኔ ወጥቼ አለቀስኩ። አንቺንም የወሰደሽ ያው ትኩሳት ነው። ያኔም እጅሽን ይዤ ነበር፤ ሁሉንም አየሁ፣ ሁሉንም አወቅሁ፣ ማወቄ ግን አላስቀረሽም። ይኼ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም፤ የሚወጣልኝም አይመስለኝ።

አሁን ሥራ ሊማሩ ሁለት አዲስ ሰዎች መጥተዋል፤ ሐኪሙ ለእኔ ሰጥቶኛል። በሽተኛ ፊት ተንበርክኬ እጁን ስይዝ አይተው «ይህን ከማን ተማርክ?» ሲሉኝ፣ ከሐኪሙ ስም በፊት የማነሣው ያንቺን ስም ነው። እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስ በዚህ ቤት ስምሽ ሳይጠራ የሚመሽ ቀን አይኖርም፣ ማርታዬ።

ባልሽ